በእርጥብ ገመድ የተተከለው ድንጋይ

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን በአየር ነፍታ አጥብቃ፣ ቀስ እያለች እያላላች ቁጥሩን አየችና፣ "እማማ፣ ደምዎ ከፍ ብሏል። ውጥረት ያበዛሉ መሰለኝ። ዘና ይበሉ እንጂ" አለችኝ።

"ልጄ፣ እኔ ዘና ያልኩ ቀን ሰው መሬቱን አጥቷል" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኪኒኑን ተቀብዬ ወጣሁ። ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሰው ሁሉ ውጥረትን እንደ በሽታ ነው የሚያወራው። በሬዲዮም ቀንሱት ይላሉ። በሁለት ሰፈር መካከል ነገር ሲከርርም ውጥረት ገባ ይባላል። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ስወጥር ነው የኖርኩት፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚያው ነው። ስለዚህ ስለ ውጥረት የሚያውቀውን የሚናገር ከተፈለገ፣ እኔም አንድ ነገር አውቃለሁ ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም የተማርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። የእጅ ጽሑፌን ግን ማንም አይንቀውም።

ሥራዬ ገመድ ያዥነት ነበር። መሬት የሚለካው በገመድ በነበረበት ጊዜ፣ አንዱ የገመዱን አንድ ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን፣ ሦስተኛው ይጽፋል። የሚጽፈው ሰው ወንበር ነበረው። ገመድ ያዥ ግን ወንበር የለውም።

እንዴት እንደገባሁበት ልናገር። በሰቆጣ ዙሪያ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ለገበሬው ሁሉ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው ተባለና የመሬት ኮሚቴ ተመረጠ። ሴት መኖር አለባት የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ወንዶቹ ተያዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ፣ በስብሰባ ላይ አልናገርም። አልናገርም የነበረው የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ነው፤ እነሱ ግን ጠባይዋ ነው ብለው ነበር። መረጡኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከወረዳ የመጣው ኃላፊ የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ አይሰማም። ከወንዶቹ አንዱ በኽምጣና፣ "ገመዱን ስጧት፣ ዳገቱ ላይ ጎትቶ ይጥላትና እንገላገላለን" አለ። ሳቁ። ኃላፊው ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ "ምን አሉ?" አለኝ።

"ገመዱን ብርቄ ትያዝ እያሉ ነው" አልኩት በአማርኛ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለና ስሜን ጻፈ። ሳቃቸው ቆመ።

የገመዱን ሥራ ያስተማሩኝ አያ ደባሽ ናቸው። በደርግ ጊዜ መሬት ሲከፋፈልም ገመድ ይዘዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ገመዱ የቃጫ ነው፤ ራሳቸው ገምደው የሠሩት። ርዝመቱ ሃያ አምስት ሜትር፣ በየአምስት ሜትሩ ቀይ ጨርቅ የተቋጠረበት። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሰፊ ጠፍጣፋ አለት አለ። እዚያ ላይ ከወረዳ በመጣ የብረት ሜትር አስለክተው ሁለት ጭረት አስፈልፍለዋል። ጠዋት ወደ ማሳ ከመውረዳችን በፊት ገመዱን ከጭረት እስከ ጭረት ይዘረጉታል። ከረዘመ ያሳጥሩታል። ካጠረ ያን ቀን አይለኩም፤ የፈለገ ኃላፊ ቢቆጣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሥራ ሲያበቃ ገመዱን በፍየል ቆዳ ስልቻ ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።

አያያዝ ለመማር አንድ ወር ፈጀብኝ። "በእጅሽ አትያዥ" አሉኝ። "እጅ ይደክማል። ጫፉን ወገብሽ ላይ አዙሪና ተረከዝሽን ትከይ።" ገመዱ ሲዘረጋ መካከሉ ከረገበ፣ ገመዱ ሃያ አምስት ይላል፣ መሬቱ ግን ሃያ አራት ነው። ከመጠን በላይ ከጎተቱት ደግሞ ቃጫው ይለጠጥና መሬቱ ወረቀቱ ላይ ካለው ይበልጣል። አያ ደባሽ ልኩን የሚያውቁት በጣታቸው ነበር። ገመዱ ሲወጠር መካከሉ ድረስ ሄደው መታ ያደርጉታል። ገመዱ በቀስታ ያጉረመርማል። ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ትንሽ" ይላሉ፤ እኛም ትንሽ እንስባለን። "በቃ" ሲሉ የሚጽፈው ይጽፋል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው መመለስ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከለኩ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይመለሳሉ። ፀሐይ ቢያቃጥልም፣ ኃላፊው ሰዓቱን ቢያይም ይመለሳሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው የተጣሉ ጎረቤቶች ሲያጋጥሙን የሚያደርጉት ነው። ሁለቱን ጫፍ ለሁለቱ ባላጋራዎች ይሰጧቸዋል። "ሁለቱም እንዳይበለጡ ብለው ይጎትታሉ፤ ገመዱ ቀጥ ይላል። እኛ ለምን ጉልበታችንን እንጨርሳለን?" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እንደ ተጣላ ሰው ገመድ የሚይዝ የለም።

ከቀበሌያችን ስንጨርስ ወረዳው ወደ ሌላ ቦታም ላከን። ደሃና ላይ መሬቱ ቁልቁል ነው። ገመዱ የሚዘረጋው እንደ ውኃ ልክ አግድም ተስተካክሎ እንጂ በዳገቱ ላይ ተኝቶ አይደለም፤ ስለዚህ ዳገት የሆነ ማሳ እንደ ደረጃ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚለካው። አንድ ገበሬ ገመዱ ከእግሩ በላይ አየር ላይ ሲወጠር አየና ከፊቴ ቆመ።

"እኔ የማርሰው ዳገቱን ነው ወይስ አየሩን?" አለኝ።

"ገብስህ ወደ ጎን ነው የሚያድገው ወይስ ወደ ላይ?" አልኩት።

አሰበ። "የሴት ነገር" አለና መንገድ ለቀቀ። ሲመሽ ግን ቤቱ ጠርቶ አብልቶናል።

አበርገሌ ሌላ ነው። ሙቀቱ ቃጫውን አድርቆ ይለጥጠዋል፣ ፍየሎቹ ቀዩን ጨርቅ ይበሉታል። እዚያ የነበረው አለቃችን ችኩል ነበር። ሩቅ ያሉትን ማሳዎች ሳንሄድባቸው "በግምት ሙሏቸው" አለን። ጓደኞቼ ዝም አሉ። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

"ተነሽ" አለኝ።

"ግምት ለመጻፍ ገመድ አያስፈልግም፤ እኔም አላስፈልግም። እዚህ ተቀምጬ ልጠብቃችሁ።"

የዚያ ወር አበሌ ቀረ። ማሳዎቹ ግን ተለኩ። የሁለት ቀን መንገድ በእግር ሄድን፣ አለቃውም አብሮን ሄደ፤ እግሩ ተላልጦ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ጎበዝ ነበርኩ ለማለት ብቻ አይደለም። ጎበዝ ነበርኩ። ግን አንድ ቀን አጥፍቻለሁ፣ ያም ቀን እስከ ዘንድሮ ድረስ ተከትሎኛል።

ከቀበሌያችን ወንዝ ዳር ያለው ማሳ የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ታላቁ ሲሳይ ይባላል፤ ታናሹ የጥሩዬ ባል ነው። አብረው ነበር የሚያርሱት። ታናሹ ሞተና ጥሩዬ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። ሲሳይ ማሳውን ጠቅልሎ ሊያርስ በሬ ሲጠምድ፣ ጥሩዬ ሄዳ በሬዎቹ ፊት ቆመች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኩል ይካፈሉ ተባለ።

በዚያ ሰሞን አያ ደባሽ ጉልበታቸውን ታመው ከቤት አይወጡም፤ ገመዱ በእኔ እጅ ነው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ፣ በፀሐይ፣ የማሳውን ስፋት ለካሁ። ልክ አራት ገመድ ሆነ። እንግዲህ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ገመድ ማለት ነው። ድንጋዩን ልንተክል ስንል የሲሳይ ልጆችና የጥሩዬ ወንድሞች ተሰዳደቡ፣ ዱላ ተነሣ። ገመዱን ማሳው ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ጥዬ መካከላቸው ገባሁ። አንዱ ዱላ ትከሻዬን አገኘኝ። ሽማግሎቹ ጮኸው ለያዩና ቅዳሜ ጠዋት ይለቅ አሉ። ትከሻዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ገመዱን እዚያው ረሳሁት።

ሌሊቱን የበልግ ካፊያ ጣለ።

ጠዋት ስደርስ ገመዱ ካቡ ላይ እንደ ራሰ ተኝቷል። አራገፍኩት። አለቱ ጋ ወስጄ ላመሳክረው ብል ዳገቱን ወጥቶ መመለስ ነው። ሰዉ ተሰብስቧል፤ የትናንቱ ዱላ ዛሬም በየእጁ ነው። ቶሎ ካልጨረስኩ ደም ይፈሳል ብዬ ፈራሁ። ለባላጋራዎቹም ጫፍ ጫፉን ልስጥ አላልኩም፤ እንዳይቀራረቡ ፈለግሁ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ከኮሚቴው አንዱ። ከጥሩዬ ጎን ጀመርን። መካከሉን ሄጄ መታ አደረግሁት፤ እንደዚያ ቀን አምሮ አጉረምርሞ አያውቅም። ሁለት ገመድ ቆጥረን ችካል መታን።

ጥሩዬ መጣች። አጠገባችን አንዲት የክትክታ ቁጥቋጦ ነበረች።

"እትዬ ብርቄ፣ ትናንት በዐይኔ ስከፍለው እኩሌታው ከዚች ክትክታ ያልፍ ነበር" አለችኝ። "ችካሉ ከክትክታዋ ወዲህ ሆነ።"

"ዐይን ይሳሳታል፣ ገመድ አይሳሳትም። ዝም በይ፣ ሥራዬን ልሥራበት።"

ሰው ሁሉ ሰማ። እሷም ዝም አለች። በስብሰባ ላይ ዝም ትላለች ተብዬ የተመረጥኩት እኔ፣ ሌላ ባሏ የሞተባትን ሴት ዝም በይ አልኳት።

ካፊያው በረታ። ከሲሳይ በኩል ተመልሼ አልለካሁም። ሽማግሎቹ በርዷቸዋል፣ ምግብ ቀርቧል፣ ዱላውም ወርዷል።

በእኛ አገር የድንበር ድንጋይ ሲተከል ከሥሩ ከሰል ይቀበራል። ከሰል አይበሰብስም፤ ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ ቆፍረው ያገኙታል። ከዚያ ቄስ ይገዝትበታል፦ ይህን ድንበር የነካ ቤቱ አይቁም፣ ዘሩ አይለምልም። ቄሳችን አባ መርሻ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ። አሜን አልን። እኔም አሜን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አያ ደባሽን ልጠይቅ ሄድኩ። ያለ ደም ጨረስኩት ብዬ በኩራት ተረክሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ገመዱ የት አደረ?" አሉኝ።

"ካቡ ላይ።"

"ተመልሰሽ ለካሽ?"

ገመዱን ውኃ ውስጥ አስተኝቼ አለቱ ላይ እንድዘረጋው ላኩኝ። ዘረጋሁት። ከሁለተኛው ጭረት ሁለት ክንድ ቀረው። ቃጫ ሲርስ ይወፍራል፤ ሲወፍር ያጥራል። በአንድ ገመድ ሁለት ክንድ፣ በሁለት ገመድ አራት ክንድ። ያን ያህል ስፋት፣ ከመንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ከጥሩዬ ወስጄ ለሲሳይ ሰጥቻለሁ። አላውቅም ነበር አልልም። አያ ደባሽ ካጠረ አይለካም ሲሉ ስንት ጠዋት አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ውጥረቱን ብቻ አዳመጥኩ። እርጥብ ገመድም በደንብ ይወጠራል።

አልተቆጡኝም። ስልቻውን ከእጄ ወሰዱና እስከ መስከረም ድረስ ገመዱን አልሰጡኝም።

አባ መርሻ ዘንድ ሄድኩ። "ሁለቱም ወገን ካልተስማሙ ግዝት አይፈታም" አሉኝ። ሲሳይ ዘንድ ሄድኩ። በሬ እየጠመደ ነበር።

"ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ገመድ አይሳሳትም ያልሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ምን አደረግሁ?" አለኝ። "ድንጋዩን ነክቼ ቤቴን ላፍርስ?"

ጥሩዬ ዘንድ ግን አልሄድኩም። ልነግራት ሦስት ጊዜ ደጇ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በገበያ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ልጆቼን ትጠይቃለች። ሰላም ባለችኝ ቁጥር ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይሳባል። ነርሷ ቁጥሩን ያየችው ዘንድሮ ነው፤ የጀመረው ግን ያኔ ነው። አያ ደባሽ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ገመዱ ለእኔ ቀረ። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ስንሸሽ ከምጣዱ በፊት ስልቻውን ነው ያነሣሁት፤ ልጄ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ዘንድሮ አዲሱ የመሬት መለኪያ መሣሪያ መጣ። ቀበሌያችንን የያዘው ባለሙያ ኤፍሬም ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ዘንግ ላይ የታሰረ ነገር ይዞ ድንበሩን ይዞራል፤ ከሰማይ ምልክት ይቀበላል። ገመድ የለ፣ ችካል የለ። እኔም በቃሽ ተባልኩ። ስብሰባ ላይ አመስግነው፣ ገመዱን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዳስረክብ ጠየቁኝ፤ ለትዝታ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው።

"መሣሪያህ ድንበሩ የት እንደሆነ በምን ያውቃል?" አልኩት ኤፍሬምን።

"ድንጋዩ ያለበትን ነው የምንይዘው፣ እማማ።"

"ድንጋዩ ቦታው ካልሆነስ?"

"ቅሬታ ያለው ካርታው ሳይታተም ይምጣ። ተለጥፏል፣ እስከ ዐርብ ነው። ከታተመ በኋላ ግን ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው።"

የቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አየሁ። የወንዝ ዳሩ ማሳ እዚያ አለ፤ የእኔ ስህተት በቀጭን ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ያን መስመር ከሰማይ አመሳክረው ሊያትሙት ነው።

"ቅሬታ አለኝ" አልኩት። "ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ጻፈው።"

"መሬቱ የእርስዎ አይደለም፣ እማማ። ቅሬታ የሚያቀርበው ባለይዞታ ነው።"

እንግዲህ ያልሄድኩበት ደጅ መሄድ ግድ ሆነ። ጥሩዬ ሽንኩርቷን ስታርም አገኘኋት፤ ከድንጋዩ አጠገብ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካቡን፣ ካፊያውን፣ አለቱን። ማረሟን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ታውቂያለሽ?"

"በየዓመቱ የማርሰው እኔ ነኝ እኮ። አርባ ስድስት እርምጃ ነው። የሲሳይን ልጆች ስጠይቅ የእነሱ ሃምሳ ነው።" ቀና አለች። "ለምን አልተናገርሽም በይኛ። ዝም በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት። ደግሞስ ብዙ ቆየሽ፣ እትዬ።"

እዚያው የሽንኩርቱ መደብ ዳር ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

"ልጄ ከነባሏ መጥታለች፤ መሬት የላትም" አለች። "ይቺን ቁራጭ ለእሷ አስቤ ነበር። ካርታው ከወጣ ግን ለዘላለም ሄደች ማለት ነው።"

"እስከ ዐርብ ነው።"

"ግዝቱስ?"

"ግዝቱን ለእኔ ተይው።"

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ማሳው ላይ ቆምን። ጥሩዬ በጣት አሻራዋ ቅሬታ አስገብታለች፤ ስለዚህ ኤፍሬም መሣሪያውን ይዞ መጥቷል። አባ መርሻ በበቅሎ መጡ፤ አርጅተዋል። "ሁለቱ ከተስማሙ እፈታለሁ። ቃሌ ያው ነው" አሉኝ። ሲሳይ ከልጆቹ ጋር መጣ፣ ምርኩዝ ይዟል።

"መጣሽ ደግሞ" አለኝ። "ሰው ያረጃል፣ አንቺ ግን ብሶብሻል።"

"ተቀመጥ፣ ሲሳይ። መጀመሪያ ሥራ አለኝ።"

ገመዱን ከስልቻው አውጥቼ ወንዙ ውስጥ አስተኛሁት፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ሲሳይ ልጆቹን አየ። "አሮጊቷ ገመድ ማጠብ ጀመረች" አለ። ልጆቹ ሳቁ። አባ መርሻም ፈገግ አሉ። ብዙ ቆየን። ስለ ዝናቡና ስለ በቅሎዋ እግር ተወራ። ከዚያ ገመዱን አወጣሁት፤ ወፍሮ፣ ከብዶ።

"እንግዲህ እንደዚያን ቀን እናድርገው" አልኩ ለሽማግሎቹ። "እርጥብ ገመድ ነው፣ ያን ጊዜም እርጥብ ነበር። ያን ጊዜ ከጥሩዬ ጎን ጀመርኩ። ዛሬ ከሲሳይ ጎን እጀምራለሁ። ሁለት ገመድ የሲሳይ፤ የተረፈው የጥሩዬ።"

"ይሁን" አለ ሲሳይ። "እኩል እኩል ነው፣ ከየትም ጎን ብትጀምሪ።"

ለካን። እኔ ስወጥር ሌላውን ጫፍ የሲሳይ ልጅ ያዘ። ሁለተኛው ገመድ ሲያልቅ ችካሉን መታሁ። ችካሉ ከድንጋዩ ስምንት ክንድ ወደ ሲሳይ ገብቶ ቆመ። ሲሳይ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። መጥቶ ችካሉን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ወደ ቤቱ በኩል ዞሮ የቀረለትን መሬት አየ።

"ድንጋዩን እዚህ እንትከለው?" አልኩት።

"አይተከልም።"

"ለምን?"

"አንሶኛላ። ዐይን የለሽም? እኩሌታው ከዚህ ብዙ ያልፋል።"

"ዐይን ይሳሳታል፣ ሲሳይ። ገመድ አይሳሳትም።"

ከዚያ አባ መርሻ መሳቅ ጀመሩ፤ በሽማግሌ ሳቅ፣ ድምፅ በሌለው፣ ትከሻቸው ብቻ እየተነቀነቀ። ሲሳይ ተመልሶ ተቀመጠ። መሬቱን በምርኩዙ ሲጭር ቆየ።

"ያኔ ለምን እንዲህ አድርገሽ አላሳየሽኝም?" አለኝ በመጨረሻ።

ጥያቄው ልክ ነው። "አፍሬ ነበር" አልኩት።

"እኔም አውቄ ነበር" አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጥሩዬን አላያትም። "በደረቁ ለኪው።"

ገመዱን ካቡ ላይ ዘርግተን በፀሐይ አደረቅነው። ምሳ በላን፤ ሁለቱ ቤተሰብ ከአንድ ገበታ አልበላም፣ ግን ከአንድ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወደ አለቱ ወጥቼ ገመዱን አመሳከርኩት። ትልልቁ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ዳገት ወጥቼ እስክመለስ። ከጭረት እስከ ጭረት ልክ ነበር።

ከጥሩዬ ጎን ሁለት ገመድ ለካን። አባ መርሻ ሲሳይንና ጥሩዬን ጠየቁ፤ ሁለቱም እሺ አሉ። ግዝቱን ፈቱ። ለእኔም የአርባ ቀን ስግደት ሰጡኝ፤ በዚህ ጉልበቴ። ድንጋዩን በእጄ ነቀልኩት። ከሥሩ ከሰሉ ትናንት የተቀበረ ይመስል ጥቁር ነው። ዘግኜ አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። አዲሱ ቦታ የክትክታዋ ጉቶ ካለበት ጥቂት አልፎ ነው።

ኤፍሬም ዘንጉን አቁሞ መዘገበ። "እኩል ነው፣ እማማ። በቃ ጨርሰናል።"

"አልጨረስንም" አልኩት። "አልተመለስንም።"

"መሣሪያው አረጋግጦታል እኮ።"

"መሣሪያህ ይረፍ።"

የገመዱን አንድ ጫፍ ለሲሳይ ሰጠሁት፣ ሌላውን ለጥሩዬ። ከሲሳይ ወሰን ወደ ድንጋዩ እየመለስን ለካን። የመጀመሪያው ገመድ አለቀ፣ ሁለተኛውን ዘረጉ። ሲሳይ ምርኩዙን ጥሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አዞረ። ጥሩዬ ነጠላዋን አደግድጋ ተረከዟን አፈሩ ውስጥ ተከለች። ማንም አላስተማራትም። እኔ መካከሉ ድረስ ሄድኩና ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ መታ አደረግሁት።

አጉረመረመ። የገመዱን ጫፍ የያዘው የጥሩዬ እጅ ልክ ድንጋዩ አናት ላይ ነበር።

"በቃ፣ ልክ ነው" አልኳቸው። "አሁን ላላ አድርጉት።"

ሁለቱም፣ ሌላው እስኪለቅ ድረስ፣ አልለቀቁም።